ክረምቱን ኬንያ በበጎ ፈቃደኝነት ልሂድ? ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ንገሩኝ

የቱሉ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የፐብሊክ ሄልዝ ተማሪ ነኝ። ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀረኛል። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከፈጣን መንገዱ መክፈያ ብዙ አይርቅም።

አንድ ዕድል አግኝቻለሁ። ክረምት ላይ ለስምንት ሳምንት ምዕራብ ኬንያ ሄጄ ከአንድ የማኅበረሰብ ጤና ፕሮጀክት ጋር በበጎ ፈቃድ መሥራት እችላለሁ። ማደሪያና ምሳ እነሱ ይችላሉ። ትኬቱ የራሴ ነው። ገንዘቡን አክስቴ ላበድርሽ ብላኛለች።

ቤት ውስጥ ግን አልተስማማንም። አባዬ ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እዚህ ያለው በሽታ አንሶሽ ነው?» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። እማዬ ደግሞ የምትፈራው ወባውን ነው።

እኔ እስካሁን የማስበው እንዲህ ነበር። እመረቃለሁ፣ ሆስፒታል እቀጠራለሁ፣ ከዚያ ማስተርስ። አንደኛ ዓመት እያለሁ ስለ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ፖል ፋርመር አነበብኩ። ገና ሕክምና ሳይጀምር በወጣትነቱ ሄይቲ ሄዶ ሕይወቱ እዚያው እንደተወሰነ። ያ ነገር ከልቤ አልወጣም።

የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። አምና ለቲቲፒ፣ ማለትም ለቡድን የመስክ ሥልጠና፣ ወጥተን አንድ ወር ገጠር ቆየን። ቤት ለቤት ዳሰስን፣ ሽንት ቤት አስቆፈርን፣ ሪፖርት አቀረብን፣ ተጨበጨበልን። ዛሬ ያንን ሽንት ቤት ይጠቀሙበት አይጠቀሙበት አላውቅም። ማን ደውሎ ይጠይቃል? በራሴ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ቋንቋውን በማላውቀው አገር ስምንት ሳምንት ምን ልጠቅም ነው?

ሄዳችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ። የምትፈልጉት ሥራ ተቀየረ? ወይስ ሲቪ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የተጨመረው?

---

ሳኒታሪው

እህቴ፣ እኔ ሄጃለሁ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰባት ሳምንት፣ ኪሱሙ አካባቢ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማ ናት። እኔም የሄልዝ ኦፊሰር ተማሪ ነበርኩ። ሐሳቤ የተቆረጠ ነበር፤ ተመርቄ ትንሽ ሠርቼ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናውን መማር። አይኢኤስኦ የምንለውን ማለቴ ነው። ሌላ ነገር አይታየኝም ነበር። ዛሬ የምሠራው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ሃይጅንና አካባቢ ጤና ላይ ነው። ስሜን ጓደኞቼ ናቸው ያወጡልኝ። ስለዚህ ላንቺ ጥያቄ መልሴ፦ አዎ፣ ተቀይሯል። እንዴት እንደተቀየረ ግን በዝርዝር ልንገርሽ፤ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። ያኔ እዚያ መንደሮች ምንጩ ወይም ጉድጓዱ አጠገብ እንጨት ላይ የተሰቀለች ሰማያዊ ሳጥን ነበረች። ውስጧ ፈሳሽ ክሎሪን አለ። ውሃ ልትቀዳ የመጣችው ሴት ባዶውን ጄሪካን ከሥሩ ታስጠጋለች፣ መክፈቻውን አንዴ ታዞራለች፣ ለ20 ሊትር የሚበቃው ተለክቶ ይወርዳል። ከዚያ ውሃዋን ትቀዳበታለች። ነጻ ነበር። ክሎሪን ጀርሙን ለመግደል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ያ ግማሽ ሰዓት ወደ ቤት የምትሄድበት መንገድ ነው! ጄሪካኑ በመንገድ ሲናጥ ይደባለቃል፤ ቤት ስትደርስ ውሃው ተዘጋጅቷል። እኔ ይህን ሳይ የገረመኝን አልረሳውም። እኛ ክፍል ውስጥ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» እያልን ስንት ገጽ ጽፈናል። እነሱ የሴትየዋን መንገድ አይተው ክሎሪኑን መንገዷ ላይ አስቀመጡት። በምዕራብ ኬንያ በዚህ ጉዳይ ጥናት ካደረጉት አንዱ ማይክል ክሬመር፣ እኔ በተመለስኩ በዓመቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ዜናውን ስሰማ ያቺ ሰማያዊ ሳጥን ናት ትዝ ያለችኝ።

የእኔ ድርሻ ቤት ለቤት ሄጄ የመጠጥ ውሃውን መመርመር ነበር። ትንሽ ውሃ በብልቃጥ ትቀጃለሽ፣ አንዲት ኪኒን ትጨምሪያለሽ። ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። ከሌለ እንደነበረ ይቀራል። ይህንን መዝገብ ላይ ትሞያለሽ። በቃ።

ከእኔ ጋር የምትዞር የሰፈሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ማማ ነበር የምንላት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። መቶ ያህል ቤት በእሷ ሥር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቤት ገባን፤ ውሃው ቀለም አልቀየረም። «አልተጠቀመችም» ብዬ ሞላሁ። ይባስ ብዬ በእንግሊዝኛ ስለ ተቅማጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ማማ እየተረጎመች ጨረሰችልኝ። ውጭ ስንወጣ ቆም አለችና «ውሃውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅካት?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሴትየዋ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ነበር ያስቀመጠችው፤ ያን ቀን ምንጩ ጋ አልሄደችም። ተመልሰን ገባንና ይቅርታ ጠየቅኩ። ሴትየዋ ስቃ ኦቾሎኒ ሰጠችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሙላቴ በፊት መጠየቅ ለመድኩ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አራተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ዛፍ ሥር አረፍ ብለን ማማ «እናንተ አገር ይህን ሥራ ማን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ነገርኳት። በ2003 እ.ኤ.አ. እንደተጀመረ፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንደተመደቡ፣ በኋላ ከተማም እንደገባ። ለፈተና እንዳጠናሁት ነው የነገርኳት። «ደመወዝ አላቸው?» አለችኝ። አዎ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው አልኳት። ዝም አለች። እሷ ስንት ዓመት ያለ ደመወዝ ሠርታለች። ቀጥላ «እናንተ ቤት የምትመጣዋ ስሟ ማነው?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር።

እናቴ ቤት አቃቂ ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ እናቴ «ጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች» ትላለች፤ እኔ መጽሐፌን ይዤ ጓዳ እገባ ነበር። የጤና ተማሪ ነኝ፣ ጤና በራችንን ስታንኳኳ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓዳ ገብቻለሁ። ይህንን ለማወቅ ኪሱሙ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። አባትሽ የጠየቁሽን ጥያቄ ሳነብ ማማ ትዝ ያለችኝ ለዚህ ነው።

ስመለስ አስተባባሪያችን ከቀሩት ኪኒኖች አንድ ማሸጊያ ሰጠኝ። እናቴ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እንደማንኛውም ሰው በጄሪካን እናጠራቅማለን። ከቧንቧው እንደወረደ ለካሁት፤ ሮዝ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከጄሪካኑ ለካሁ። ምንም። የጎረቤትም እንደዚያው። ከቧንቧ ንጹሕ ወጥቶ እኛው ቤት ቆይቶ ክሎሪኑ ያልቃል። ከዚያ ኩባያ ይነከርበታል፣ የልጅ እጅ ይገባበታል። የከተማው ውሃ አንዱ ክፍል ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚወጣው፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚያ ነው፤ ግን ስለ ውሃ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የሰፈራችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ፈልጌ አገኘኋት። ነርስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት ልዙር አልኳት። የቤተሰብ ፎልደሮቿን አሳየችኝ። የቲቢ መድኃኒት ማን ጀምሮ እንዳቋረጠ፣ የትኛዋ እርጉዝ ክትትል እንደቀረች፣ የማን ልጅ ሁለተኛውን ክትባት እንዳልወሰደ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ያን ጊዜ ነው ቀዶ ሕክምናውን የተውኩት። ማንም አልመከረኝም። አስተማሪዎቼ እንዲያውም አዝነዋል።

ስለ ሲቪው እውነቱን ልንገርሽ። ተመርቄ 14 ወር ሥራ አጥቼ ተቀምጫለሁ። የኬንያዋን መስመር ሲቪ ላይ ጽፌያታለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። አሁንም ደመወዜ ትንሽ ነው። ለሥራ ማግኛ ብለሽ ከሆነ ብድር አትግቢበት። የምትሠሪውን ለመምረጥ ከሆነ ግን ሂጂ እልሻለሁ።

ስለ ፖል ፋርመር ያነበብሽው እውነት ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ነው ሄይቲ የሄደው። በዓመቱ ሃርቫርድ ሕክምና ገባ። ግን እየተመላለሰ ነው የተማረው፤ ለትምህርቱ ቦስተን፣ ለሥራው ሄይቲ። ከጓደኞቹ ጋር «ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ» የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት በ1987 ነው። በ2022 ሲሞት ሩዋንዳ ቡታሮ፣ ሥራው ላይ ነበር። መመላለሱን ልብ በዪልኝ። የቲቲፒሽ ነገር የሚያሳስብሽም እኮ ስላልተመለሽ ነው። መንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ሄደሽ እዪው።

ማማን አሁንም በየበዓሉ እደውልላታለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት እንደሷ ያሉ 100,000 የሚሆኑ ሰዎችን በወር አበል መደበ። የደም ግፊት መለኪያና ስልክ ያለበት ቦርሳ ተሰጣቸው። ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ የሃያ ዓመት ልጅ ይመስል ነበር።

---

ሲስተር ከቡራዩ

እኔ ውጭ ሄጄ አላውቅም። ግን ውጭ ያሉት እኔ ጋ መጥተዋል። ቡራዩ ጫፍ በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአውሮፓ የሚመጡ ተማሪዎችን በየክረምቱ ተቀብለናል። ስለዚህ ከተቀባይ በኩል ልናገር።

ሁለቱን ልንገርሽ። አንዱ ሁለት ሳምንት ቆየ። ማዋለጃ ክፍል ካልገባሁ አለ። ስፌት ልሞክር አለኝ፤ አገርህ ይፈቀድልሃል ወይ አልኩት፤ አይፈቀድልኝም አለ። እዚህም አይፈቀድልህም አልኩት። በማግስቱ ምጥ ላይ ያለች ሴት ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁት። ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያቺ ሴት እዚያ የመጣችው ልትወልድ እንጂ ልትታይ አይደለም።

ሌላዋ ስድስት ሳምንት ቆየች። ዝምተኛ ልጅ ናት። ምን ልሥራ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር የምሰጣት ሥራ አልነበረኝም፤ የክትባት ፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ መዝግቢ አልኳት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። እሷ የወራቱን ቅጽ ሁሉ አውጥታ ትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር ሣለችው። ቅዳሜና እሑድ ባዶ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ8 በላይ። መብራት ቅዳሜ ሲጠፋ የሚያይ የለም ማለት ነው። እኛ በየቀኑ እየፈረምን አላየነውም። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ቴርሞሜትሩን እንዲያነቡ ዘበኛችንን ጋሼን አስተማርናቸው። እሷ ናት በምልክት ያስተማረቻቸው፤ ቋንቋ የላትም። ጋሼ እስከ ጡረታቸው ድረስ አንድ ቅዳሜ አላስተጓጎሉም።

ልጅቷ ስትመጣ የሕፃናት ሐኪም ነበር መሆን የምትፈልገው። አሁን የምትሠራው የክትባት ማጓጓዣና ማከማቻ ላይ ነው። በየጊዜው ትጽፍልኛለች።

እና እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። እኔን የጠየቀው ማነው፣ እነሱ ናቸው ወይስ ላኪው? በየቀኑ የሚቆጣጠረኝ ማነው? ስሄድ የጀመርኩትን ማን ይይዘዋል? መልስ ከሌላቸው ትኬቱን አትቁረጪ። እዚህ እንድትሠሪ የማይፈቀድልሽን ደግሞ እዚያም አትሥሪ፤ ቢለምኑሽም።

---

ኪያ ኤች ኦ

ሳኒታሪውም ሲስተርም ጥሩ ብለዋል፤ እኔ አጭር ነገር ልጨምር። ጉዞው ከኤግዚት ኤግዛም ዝግጅትሽ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑን አሁኑኑ እዪ። የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰጂ፤ ቢጫ ካርዱን ድንበር ላይ ይጠይቁሻል። የወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ያዝልሽ፤ አንዳንዱ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይወሰዳል፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቋርጠው። አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ወባ አያስቡም። ከተመለስሽ በኋላ፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶም ቢሆን፣ ካተኮሰሽ «ኬንያ ነበርኩ» ብለሽ ቅድሚያ ተናገሪ። ካልሆነ ታይፎይድ ታይፈስ ተብለሽ ትመለሻለሽ። በእኔ ደርሷል። እማዬን ግን አይዟቸው በያቸው፤ አጎበርና ኪኒን ካለ ብዙ አያስፈራም።

---

ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፤ የድሮ ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ማለት ነው። ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጎንደር አጠገብ ያለው ደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ባለቀ ማግሥት ነበር። ሄልዝ ኦፊሰር፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ሠልጥነው አንድ ላይ ይመደቡ ነበር። ሳኒታሪው በሥራው እንዳያፍር ይህን አልኩ።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ደግሞ ላንሳ። ጆንስ ሆፕኪንስ ተምሮ መጣ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዚያ ማስተላለፊያ ነው። እንዶድን ሁላችንም እናቶቻችን ቤት እናውቀዋለን፤ ስንት ዘመን ታጥቦበታል። እሱ ግን ሌላ አገር ቀንድ አውጣ መመርመር ተምሮ ስለመጣ ዓይኑ እዚያ አረፈ። ሥራው በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኝቶለታል፤ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር።

አባትሽ የጠየቁሽ ጥያቄ ትልቅ ነው። ይዘሽው ሂጂ።

---

የቱሉ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሲስተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ማታ መልሶቹን ለአባዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። የዘበኛው ጋሼ ታሪክ ላይ «ድገሚው» አለኝ። የእንዶዱን ሲሰማ እማዬ ከማጀት ወጥታ ቆማ አዳመጠች፤ አያቷ እንዴት እንደሚወቅጡት ነገረችን። አባዬ ሂጂ አላለኝም። «ሲስተሯ ያለቻቸውን ሦስት ነገሮች ጠይቂና መልሱን አሳዪኝ» ነው ያለው።

ጠየቅኩ። ዛሬ መልስ መጣ። የሚቆጣጠረኝን ሰው ስምና ሥራ ጽፈውልኛል፤ የጤና ጣቢያው የአካባቢ ጤና ኃላፊ ነው። የጀመርኩትን የሚይዙት እዚያው ያሉት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንደሆኑ ነግረውኛል። «ማን ጠየቀ» ለሚለው መልሳቸው ግን ጥርት ያለ አልመሰለኝም፤ ደግሜ ጽፌላቸዋለሁ። እሱ ሳይመጣ ትኬት አልቆርጥም።

ሳኒታሪው፣ ያንተን መልስ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኛ ብሎክ የምትመጣውን ባለሙያ ስሟን እኔም አላውቅም ነበር። ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ፤ አገኘኋት። ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠው። እናንተ ቤት ሦስቴ መጥቻለሁ፣ እናትሽ ቡና አጠጥታኛለች አለችኝ። ቲቲፒ የወጣንበት መንደር ደግሞ ከአዳማ ወዲያ ነው፤ በደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከክፍላችን ሁለት ልጆች አብረን እንሄዳለን ብለዋል፤ ፈተና እንዳለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት 2:30 ከእኛው ብሎክ እንጀምራለን ብላኛለች። ሮቶና ጄሪካን ያለበትን ቤት እየጻፍኩ ልዙር ብያታለሁ። የክሎሪን መመርመሪያ ኪኒኑን የት እንደማገኝ የምታውቁ ካላችሁ እዚህ ጻፉልኝ።